ማግኔት የተቀበረ ፈንጂ ያገኛል?

ጥያቄ፦ አባቴ በውትድርና ዘመናቸው ከመሐንዲስ ጦር ጋር ሠርተዋል። አንድ ባልደረባቸው ኮምፓስ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ እየተራመደ፣ የመርፌዋን መወዛወዝ አይቶ የተቀበረ የጥይት ሣጥን እንዳገኘ ደጋግመው ያወሩን ነበር። እኔ አሁን ጦርነት ያለፈበት የእርሻ መሬት አለኝ። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በገመድ አንጠልጥዬ ከማረሴ በፊት ብፈትሽበት ፈንጂ መኖሩን ያሳውቀኛል? (አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ወሎ)

መልስ፦ ስለ እርሻዎ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አይሞክሩት። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ሳይነኩት በመጡበት ዱካ ተመልሰው ይውጡና ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ያመልክቱ፤ እስኪጣራም ድረስ መሬቱን አያርሱ። የአባትዎ ታሪክ ግን እውነት ሊሆን የሚችል ስለሆነ ዘርዘር ያለ መልስ ይገባዋል።

የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የምታመለክተው የምድርን ማግኔታዊ መስክ ተከትላ ነው፤ በቅርቧ ብዛት ያለው ብረት ሲኖር መስኩ ስለሚዛባ እርሷም ከአቅጣጫዋ ታፈነግጣለች። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል በርቀት ቶሎ ይደክማል፤ ከአንድ ትንሽ ብረት ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ውጤቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ስንዝር ያህል ወርዶ የተቀበረ የብረት ሣጥን መርፌዋን ሊያንቀሳቅሳት ይችላል። የአባትዎ ባልደረባ ጠመንጃውን አስቀድሞ ለሌላ ሰው አስይዞ መሆን አለበት፤ አለዚያ መርፌዋን የሚያስታት የራሱ ትከሻ ላይ ያለው ብረት ነበር።

የሚፈነዳው ንጥረ ነገር ራሱ፣ ቲኤንቲም ይሁን ሌላ፣ ለማግኔት ከሳሙና አይለይም። አካሉ ፕላስቲክ ሆኖ ከመምቻ መርፌው በቀር ብረት የሌለበት ፀረ ሰው ፈንጂ የእርስዎን ማግኔት ቅንጣት አያነቃንቀውም። በዚያ ላይ አንዳንድ ፀረ ታንክ ፈንጂዎች በአካባቢያቸው የማግኔት መስክ ሲለወጥ እንዲፈነዱ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ፈንጂውን ራሱን ከሩቅ አሸትቶ ያገኛል ተብሎ ለኢራቅ የተሸጠው ኤዲኢ 651 የተባለው ዕቃ እንኳ እጀታ ላይ የተተከለ አንቴና እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት 10 ዓመት ተፈርዶበታል።

በጦር ሜዳ በእርግጥ የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1941 ስኮትላንድ ውስጥ በስደት ላይ የነበረው የፖላንድ ጦር መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የፈለሰፈው ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉት፤ በአንደኛው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሁለተኛው ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ተያይዞ በዝምታ ይጠብቃል፤ ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ከሥሩ ሲገባ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ይፈርስና ማዳመጫው ይጮኻል። ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ መሬቱን በሳንጃ እየወጉ ፈንጂ ከመፈለግ ጋር ሲነጻጸር ግን ሥራውን ያቀላል። እ.ኤ.አ. በ1942 ጀርመኖችና ጣሊያኖች ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን ላይ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፈንጂ ቀብረው ሲጠብቁ፣ 500 ያህል እነዚህ መሣሪያዎች ለእንግሊዝ ስምንተኛ ጦር ደረሱና በሰዓት 100 ሜትር ይጠረግ የነበረውን ወደ 200 ሜትር አሳደጉት። ኮሳትስኪ የፈጠራ መብት አላስመዘገበበትም፤ ያገኘው የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን የምስጋና ደብዳቤ ነው።

ጀርመኖችም ዝም አላሉም፤ ከእንጨትና ከመስታወት ፈንጂ መሥራት ጀመሩ፣ ጠራጊውም ወደ ሳንጃው ተመለሰ። እንደ ወሎ ባለ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ብረት የበዛበት አፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አፈሩ ራሱ መሣሪያውን ሊያስጮኸው ይችላል።

ስለ ፈንጂ አጠቃቀም የወጣውና እ.ኤ.አ. በ1996 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ፕሮቶኮል) ፀረ ሰው ፈንጂ ሁሉ ቢያንስ 8 ግራም ብረት የሚሰጠውን ያህል ምልክት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ያህል ጥቂት ብረት እንዲሰማ ተደርጎ የተስተካከለ መሣሪያ ለምስማርም፣ ለቀለሃም፣ ለተሰበረ ማረሻም ይጮኻል፤ የሠለጠነ ፈንጂ አምካኝም በጮኸበት ቦታ ሁሉ ተንበርክኮ ወይም በደረቱ ተኝቶ አፈሩን ከጎን በኩል በእጅ መሣሪያ ይገልጣል።