ካቻቪቴ ይዘህ ሂድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ሰፈሬ ፍራንኮ ነው። ታላቅ እህቴ «ፈተናህን ካለፍክ ኮምፒዩተር እገዛልሃለሁ» ብላኝ ነበር። አለፍኩ፣ እቁቧም ወጣላት። 45 ሺህ ብር ቆርጣልኛለች። ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ «ጌሚንግ ፒሲ፣ ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊባ ራም፣ 4 ጊባ ግራፊክስ፣ አርጂቢ ኬዝ» ብሎ ለጥፏል። በመስታወቱ ውስጥ ፋኖቹ በቀለም ያበራሉ፣ በጣም ያምራል። መጫወት የምፈልገው ጂቲኤ 5፣ ፊፋና ካውንተር ስትራይክ ነው። ይህንን ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ላስገጣጥም? የአባቴ የድሮ ሞኒተር ቤት አለ። ይምከሩኝ።
*የእህቱ ባለዕዳ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ እንኳን አለፍክ! እህትህንም እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለ እህት ያለው ሰው በመብራት መታለል የለበትም። ስለዚህ ሻጩ ያልጻፈውን ሳይነግርህ ያንን ኮምፒዩተር እንዳትገዛ።

ኮር አይ ሰቨን የኮምፒዩተሩ አንጎል፣ የፕሮሰሰሩ፣ ስም ነው። እንዲሁ «ኮር አይ ሰቨን» ማለት «ቶዮታ እሸጣለሁ» እንደማለት ነው። የስንት ዓመት ሞዴል? ኮር አይ 7 2600 የሚባለው በፈረንጆች 2011 የወጣ ነው። ኮር አይ 5 8500 ደግሞ በፈረንጆች 2018 ወጣ። ያኛው አራት ኮር (የሥራ ክፍል) አለው፣ ይሄኛው ስድስት። ጨዋታ ላይ «ትንሹ» አይ 5 ትልቁን ጥሎት ይሄዳል። ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልዱ ነው፤ 4590 አራተኛ፣ 8500 ስምንተኛ። አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታያለህ፤ 10400 አሥረኛ ትውልድ ነው። ቁጥሩን ጠይቀኸው «ወንድም፣ አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ» ካለህ፣ ስልኩን ዝጋው።

ስምንተኛና ከዚያ በላይ ብታገኝ ይሻልሃል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብሩ ካልበቃ ስድስተኛ ትውልድ አይ 5ም እነዚህን ጨዋታዎች ያጫውትሃል። የጨዋታውን ምስል ከሚሠራው ከግራፊክስ ካርዱ ግን አትቀንስ።

«4 ጊባ ግራፊክስ» የሚለው ነገር ነው ያናደደኝ። ጂቲ 730 የሚባል ደካማ ካርድ 4 ጊባ ሆኖ ይሸጣል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም 4 ጊባ ነው። ሁለቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ትልቅ መጋዘን ተከራይተህ አንድ ወዛደር ብቻ ብትቀጥር ጭነቱ ቶሎ ይወርድልሃል? ጊባው፣ የካርዱ ማስታወሻ መጠን፣ መጋዘኑ ነው። የምትፈልገው ወዛደሮቹን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከቢሮ የወጣ ብራንድ ዴስክቶፕ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ዩዝድ እገዛለሁ። ቀጭኑን ሳይሆን ባለ ሙሉ ቁመናውን ታወር። ቀጭኑ ውስጥ መደበኛ ካርድ አይገባም፣ ልዩ አጭር ካርድ ትፈልጋለህ። ከዚያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 እጨምርበታለሁ። ኬዙ ጥቁርና ደረቅ ነው፣ አያበራም። ግድ የለህም።

ለምን ብራንድ አልኩ? ለኮምፒዩተሩ ኃይል በሚያከፋፍለው ዕቃ፣ በፓወር ሰፕላዩ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጉድ ልንገርህ።

ፖስታ ቤት አካባቢ የጥገና ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ «500 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩለት። ርካሽ ነበር። ሳነሳው እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ቀለለኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር። በሳምንቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ «ጧ!» አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱንም፣ ይዞት ሄደ። በካቻቪቴ ስከፍተው ትራንስፎርመሩ የአውራ ጣቴን ያህል ነው። ቦርዱ ላይ የማጣሪያ ዕቃዎች መቀመጫ ተሥሏል፣ ዕቃዎቹ ግን የሉም። ባዶ ቀዳዳ ብቻ። ስቲከሩ ላይ ያለው 500 ስቲከሩ ላይ ብቻ ነበር። ማዘርቦርዱን ከኪሴ ተካሁለት። ከዚያ ወዲህ ፓወር ሰፕላይ ሳልመዝን አልገዛም፣ በእጄም ቢሆን።

የብራንዶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ 250 ዋት አካባቢ ብቻ ይላል፣ ያለውንም ያደርሳል። ችግሩ፣ ለጉልበተኛ ካርድ አይበቃም። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። 1050 ቲአይ በዚህ ይኖራል። 1650ም እንደዚያው፣ ግን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚጠይቅ ዓይነት ስላለው የማይጠይቀውን ምረጥ። «አርኤክስ 580 በዚሁ ዋጋ፣ 8 ጊባ» የሚል ይመጣብሃል። ካርዱ ጥሩ ነው፣ ግን 185 ዋት ይበላል፣ ሌት ተቀን ማይኒንግ (የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ሲሠራበት የከረመም ብዙ አለ። «ፓወር ሰፕላዩን እቀይራለሁ» እንዳትል፣ ብዙዎቹ ብራንዶች መሰኪያቸው የራሳቸው ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ዝም ብሎ አይገጥምም።

ካርዱን ስትገዛ ጀርባውን እይ። 1050 ቲአይ ተብሎ ሰማያዊዋ፣ ባለ 15 ቀዳዳ የቪጂኤ መሰኪያ ካለበት ጠርጥር። የዚያ ካርድ ቺፕ የቪጂኤ ሲግናል አያወጣም። የድሮ ካርድ ስሙን ቀይረው እየሸጡ ነው ማለት ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባል፣ የካርዱን ማንነት የምታነብ ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና እዚያው ክፈታት፤ የውሸቱን ብዙ ጊዜ ታጋልጠዋለች። የአባትህ ሞኒተር ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይር አጭር ገመድ አለች፣ ለሞኒተር ብለህ ሌላ ብር አታውጣ።

ራም 16 ጊባ ይሁን፣ ግን አንድ 16 ሳይሆን ሁለት 8። ፈጣኑ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ የግድ ነው፤ 240 ጊባውን ግን ዊንዶውስና ጂቲኤ ብቻቸውን ከግማሽ በላይ ይይዙታል፣ ጂቲኤ 5 ብቻውን ወደ 100 ጊባ ነው። 500 ጊባ ካገኘህ ውሰድ። በዚህ ዕቃ የጠቀስካቸውን ሁሉ ትጫወታለህ። ዘንድሮ የወጡትን ከባድ ጨዋታዎች ግን አትመኝ።

ዋጋ አልጻፍኩልህም። መጽሔቱ ታትሞ እጅህ እስኪገባ ይቀየራል፣ እኔም ውሸታም እሆናለሁ። ከሦስት ቦታ ጠይቅ። አዲስ አበባ ሄደህ ብትገዛ፣ ከመሳፈርህ በፊት ካርዱን አስወልቀህ ለብቻው ጠቅልለህ ያዘው። በመንገድ ሲንገጫገጭ መሰኪያውን የሰበረ አይቻለሁ።

አንድ የኛ ከተማ ጣጣ አለ። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ተርባይኑን የሚያዞረው ንፋስ፣ አቧራውን ይዞ ኬዝህ ውስጥም ይገባል። መሬት ላይ አታስቀምጠው፣ መስኮት ሥርም አታድርገው። በሁለት ሦስት ወር አንዴ ከፍተህ አስነፋው፤ ስታስነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ብትገዛ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት እንዳይመስልህ፤ ብዙውን ጊዜ 360 አካባቢ ነው።

ልትገዛ ስትሄድ ካቻቪቴ ያዝ። ኬዙን አስከፍት፣ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር አንብብ፣ ከዚያ ጨዋታ አስከፍተህ ግማሽ ሰዓት ተጫወት። በመሃል ከጠፋ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ፣ አመስግነህ ውጣ። እህትህንም ይዘሃት ሂድ። አንተ ፋኑ ሲያበራ ፊትህ ላይ ደስታው ይታያል፣ ሻጩም ያያል። እሷ ግን እቁቧን ነው የምታየው፤ ዋጋውን እሷ ትጠይቅ።