ጠይቁን፦ መሐል ሜዳ ለምን አራት ቦታ ወጣ?

ሰላም ናችሁ? የዚህ ዕትም ጥያቄዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያዝዙ አጫጭር ፕሮግራሞችን መጻፍ ገና የጀመሩ ሰዎች ናቸው። የሁሉም ራስ ምታት ደግሞ የጽሑፍ ፋይል ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። «ኮዴ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ የደበዘዘ የስክሪን ፎቶ ብቻ የምትልኩ አላችሁ። ከዚያ ላይ ምን ይያዛል? ከፋይሉ አምስት መስመር ላኩ። ከነዚያ መስመሮች እንዲወጣ የምትፈልጉትን ደግሞ በእጃችሁ ጻፉት። ኮምፒውተሩ ያወጣውን ኤረርም ሳትቆርጡ ጨምሩበት። የሰው ስምና ስልክ ግን ቀይሩ፣ አደራ።

«በበግ ፀጉር ባና በሚሠሩ ሰዎች ማኅበር ውስጥ መዝገብ ያዥ ነኝ። በየመስመሩ የአባሉ ስም፣ ኮማ፣ ከዚያ ቦታው የተጻፈበት ፋይል አለኝ። ከየቦታው ስንት አባል እንዳለን ለማወቅ የቦታውን ዓምድ ለይቼ፣ ተመሳሳይ መስመሮችን አንድ በሚያደርገው ዩኒክ በሚባለው ትእዛዝ ቆጠርኩ። መሐል ሜዳ አራት ቦታ ተበታትኖ ወጣ። አጻጻፉ አንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ የሚመጣም አለ። ቁጥሩ ደግሞ ለሰኞ ይፈለጋል።» እህታችሁ፣ ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው አንድ ላይ የያዘሽ። ቀላሉን እናስቀድም። ዩኒክ የሚያወዳድረው አንድን መስመር ከበላዩ ካለው መስመር ጋር ብቻ ነው። መሐል ሜዳ በ3ኛው መስመር ላይ ኖሮ በ90ኛው ቢደገም አያስታውሰውም። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሮቹን በተራ የሚደረድረው ሶርት፣ ቀጥሎ ዩኒክ። በቃ።

ሁለተኛው ነው ሥራ ያለው። ከላክሽልን ውስጥ አራቱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

መሐል ሜዳ
መሀል ሜዳ
መሃልሜዳ
መሐል፡ሜዳ

አንቺ ስታነቢው አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሐ፣ ሀ እና ሃ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሦስት ፊደላት ናቸው፣ ዝምድናቸውን የነገረው የለም። ባዶ ቦታና ሁለት ነጥብም ለእሱ እንደማንኛውም ፊደል ናቸው። ስለዚህ መንገሩ ያንቺ ፋንታ ነው።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሜክትራንስ እና ትራንስሌት የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያው «ይህ ፊደል ወደዚያ ይቀየር» የሚል ሠንጠረዥ ትሠሪያለሽ፣ በሁለተኛው ሠንጠረዡን ጽሑፉ ላይ ታስኬጂዋለሽ። የሐን ሰባት ፊደላት ወደ ሀ ቤት አምጪ፣ የኀንም እንዲሁ። ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ይኼ 35 ፊደል ነው። በዚያ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግቡ፤ ሓ፣ ኃ እና ዓም በመጨረሻ እዚያው እንዲያርፉ አድርጊ። ብዙ ሰው የሚረሳው እነዚህን ነው፤ ሓን ወደ ሃ ቀይሮ እዚያው ይተወውና መሐል እና መሓል እንደተለያዩ ይቀራሉ። ከዚያ ባዶ ቦታውንም ሁለት ነጥቡንም አጥፊ። አራቱም «መሀልሜዳ» ይሆናሉ፣ ሶርትና ዩኒክም አንድ ላይ ይቆጥሯቸዋል። ዓለም ከተማና አለም ከተማም በዚያው ይታረቃሉ፣ ሸዋ ሮቢትና ሸዋሮቢትም።

ይህን ግን በዋናው መዝገብ ላይ እንዳታደርጊው። የተስተካከለውን በአዲስ ዓምድ አስቀምጪና ለመቁጠሪያና ለመፈለጊያ ብቻ ተጠቀሚበት። ሰውየው መታወቂያው ላይ ስሙ በፀሐዩ ፀ ከተጻፈ መዝገቡም ላይ እንደዚያው ይቆይ፣ ስክሪፕትሽ እንዲመቸው ተብሎ የሰው ስም አይነካም።

«የዕቃ ዝርዝሬን በፊደል ተራ አስተካክዬ እዚያው ፋይል ላይ ልመልሰው ብዬ በቀስት (>) ላክሁት። ፋይሉ ባዶ ሆነ! ቫይረስ ነው?» ከደብረ ሲና

ቫይረስ አይደለም ወንድሜ። ትእዛዙን የሚቀበለው ሼል ቀስቷን ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ፋይሉን ባዶ አድርጎ ለጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ሶርት ተነሥቶ ሲያነብ የሚያገኘው ያንኑ ባዶ ፋይል ነው። ምንም አላነበበም፣ ምንም አልጻፈም፣ ኤረርም አላወጣም።

ለወደፊቱ ውጤቱን ሌላ ስም ባለው ፋይል ላይ ጻፈውና አይተኸው ልክ ከሆነ ስሙን ቀይረው። ወይም ለሶርት ከሰረዝ ኦ ቀጥሎ የፋይሉን ስም ስጠው። እሱ መጀመሪያ አንብቦ ጨርሶ ነው የሚጽፈው። የጠፋውን ዝርዝር ደግሞ ለሰው በቴሌግራም ልከኸው ወይም ፍላሽ ላይ ገልብጠኸው እንደሆነ ፈልግ። ከዚያ ውጭ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም።

«የአማርኛ መምህር ነኝ። የተማሪዎቼን ድርሰት ቃላት የሚለቅም ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍሁ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ፊደል ልቀም አልሁት። ፖሊስ «ሊስ» ሆነ፣ ፓስታም «ስታ»። የዓረፍተ ነገር ብዛትም አልገጥም አለኝ።» ከእነዋሪ

መምህር፣ አስተሳሰብዎ ትክክል ነው፣ ገደቡ ነው ትንሽ ያጠረው። ፐ የቤቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከፐ በኋላ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ እና ፖ አሉ፤ እስከ ፐ ብለው ሲያቆሙ ስድስቱም ውጭ ቀሩ። ገደቡን እስከ ፗ ያድርጉት። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ከዚያ ወዲያ ስለሚገኙ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው አይመጡም። በነገራችን ላይ ይህ ስሕተት ረጅም ዕድሜ አለው። የፐ ቃላት ጥቂት ስለሆኑ መቶ ድርሰት ተፈትሾ ማንም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

የዓረፍተ ነገሩ ጉዳይ የተማሪዎቹ አጻጻፍ ነው። አንዱ ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይመታል። ሌላው ሁለት ነጥብን ደርቦ አራት ያስመስለዋል። ሦስተኛው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይመታል። ወረቀት ላይ አይለዩም፣ ፋይል ውስጥ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ከመቁጠርዎ በፊት ሁለቱን ድርቦች ወደ አራት ነጥብ ይቀይሩ። የጥያቄ ምልክትና ቃል አጋኖንም አይርሱ፣ እነሱም ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ።

«ዲያቆን ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን የንብረት መዝገብ ተራ ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ እያደረግሁ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። ፓይተን ሲደረድረው እስከ ፻፺፱ ድረስ ልክ ነበር፣ ከዚያ ፪፻ ሄዶ ከ፪ ሥር ገባ። ወደ ቁጥር ልቀይረው ስል ደግሞ እንቢ አለ።» ከአንኮበር

ዲያቆን፣ ይህ ጥያቄ ደስ ብሎኛል። እንዲያውም የሚገርመው እስከ ፻፺፱ ልክ መምጣቱ ነው። ፓይተን የሚደረድረው በቁጥሩ ዋጋ ሳይሆን በምልክቶቹ ተራ ነው። ምልክቶቹ ከ፩ እስከ ፱፣ ከዚያ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እየሆኑ ስለተቀመጡ ተራውና ዋጋው እስከዚያ ድረስ ይገጥማሉ። ሁለት መቶ ሲደርስ ግን ጽሑፉ በ፪ ይጀምራል፣ ስለዚህ ከ፪ ቀጥሎ ከ፫ በፊት ይሰለፋል።

ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት የሚቀበለው አንድ፣ አሥር፣ መቶ እያሉ በቦታ የሚነበቡ አኃዞችን ነው። ግዕዙ ዜሮም የለው፣ ቦታም አይቆጥር። ኢዝኑሜሪክ ብለህ ብትጠይቀው «አዎ፣ ቁጥር ነው» ይልሃል፣ ኢንት ግን አይነካውም። መቀየሪያውን ራስህ ጻፈው፣ አይከብድም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዩኒኮድዴታ ውስጥ ኑሜሪክ የሚባለው የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጥሃል። ጽሑፉን ፻ ላይ ክፈለው። በግራ ያሉትን ደምረህ በመቶ አባዛ፤ በግራ ምንም ከሌለ አንድ ብለህ ያዝ። በቀኝ ያሉትን ደምረህ ጨምርበት። ፪፻፴፬ን ብናይ በግራ 2 አለ፣ 200 ይሆናል፣ በቀኝ 30 እና 4 አሉ፣ 234። ፻ የሌለበት ከሆነ ዝም ብለህ መደመር ነው። ከ፼ በታች ላለ ቁጥር ሁሉ ይሠራል፤ የንብረት መዝገባችሁ ከዚያ ካለፈ እንኳን ደስ አላችሁ።

«መጽሐፍ ተውሶ ያዘገየ ሰው ስንት ቀን እንዳለፈበት የሚቆጥር ስክሪፕት ሠራሁ። ጥቅምት 30 ስል ፓይተን ቀኑ የለም ይለኛል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም።» የ2ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን

የፓይተን ዴትታይም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። 30/2 ስትሰጠው ፌብሩዋሪ 30 መሰለው፣ 13ኛ ወርም የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንቢ ያለው ሳይሆን ዝም ብሎ የተቀበለው ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2017 ስንት ቀን አለ? 30። 1/2/2017 እና 1/3/2017 ብለህ ብትሰጠው ግን 28 ይልሃል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ተበዳሪው ሁለት ቀን ተመረቀለት ማለት ነው።

ለዚህ ብለህ ትልቅ ላይብረሪ ፍለጋ አትሂድ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የኛ አቆጣጠር ለስሌት እንዴት እንደሚመች እየው፦ ዓመቱን በ365 አባዛ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ቀሪውን ጥለህ ጨምር፣ ከወሩ አንድ ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ጨምር፣ ቀኑን ጨምር። ለሁለቱም ቀኖች እንዲህ ሠርተህ ቀንስ፣ ልዩነቱ የቀኑ ብዛት ነው። 6 ቀን ያላት ጳጉሜም ራሷ ትገባለች። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት፣ ለምሳሌ 2015፣ ጳጉሜ 6 የሆነችበት ነው። ፋይሉ ውስጥ ቀኑን ስትጽፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያልክ ጻፈው፤ ወሩንም ቀኑንም 02 እያልክ ሁለት ሁለት አኃዝ አድርገው። እንደ ተራ ጽሑፍ ሶርት ብታደርገውም በትክክል ይሰለፋል።

«የማሾ ነጋዴዎችን ስምና ስልክ በስክሪፕት አወጣሁ። ኤክሴል ላይ ስከፍተው አማርኛው የማይነበብ ነገር ሆነ፣ ከስልኮቹ ፊትም ዜሮ ጠፋ።» ከሸዋ ሮቢት

ፋይሉ ደህና ነው። ኤክሴል ላይ ሴቭ እንዳትለው ብቻ! እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል። ኤክሴል ያንን ሳያውቅ ሲያነብ አንዱን ፊደል ሦስት ምልክት አድርጎ ይበትነዋል። ሁለቴ ተጭነህ አትክፈተው። ባዶ ኤክሴል ክፈትና ዴታ ከሚለው ላይ ከጽሑፍ ፋይል አስገባ በል፣ ዩቲኤፍ-8ን ምረጥ፣ የስልኩን ዓምድ ጽሑፍ ነው በለው። አማርኛውን ለማዳን ብቻ ከሆነ ፓይተን ላይ ስትጽፍ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብትል ኤክሴል ራሱ ይለየዋል። ዜሮውን ግን ይህ አያድንም።

ሴቭ ብለኸው ዜሮው ከጠፋ፣ 9 አኃዝ ያለውንና በ9 ወይም በ7 የሚጀምረውን ሁሉ ከፊቱ 0 ጨምርለት። ፋይሉ ድሮ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ነበር፣ ለእነሱ ለየፎንቱ የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

«ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ መጀመር ይቻላል?» ከዓለም ከተማ

ይቻላል። አንድሮይድ ከሆነ ትእዛዝ እየጻፉ የሚሠሩበት ተርመክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነጻ አፖች ማከማቻ አውርጂው። ሶርት፣ ዩኒክ፣ መስመር የሚፈልገው ግሬፕና ጽሑፍ የሚቀይረው ሴድ ሁሉም ይሠሩበታል፣ ፓይተንም በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪሽ እስካለ ትሠሪያለሽ። ጣትሽ ግን ይደክማል። ከቻልሽ በኦቲጂ ገመድ የኮምፒውተር ኪቦርድ ሰኪበት፣ ያገለገለም ቢሆን ይሠራል።