ቢጫ ሆኖ ስሙ "አረንጓዴ ዘንዶ"?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ልጄ አንድ ፎቶ አሳየኝ፣ አደይ አበባ የመሰለ ቢጫ እባብ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከስሩ ግን "አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ" ተብሎ ተጽፏል። ተሳስተው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? መርዝስ አለው?

መልስ፦ እህቴ ፎቶው ልክ ነው፣ ያየሽው ገና ልጅ ስለሆነ ነው። ይሄ ዘንዶ ኒው ጊኒ ደሴት ላይና አውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ ኬፕ ዮርክ በሚባለው አካባቢ ጫካ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ከእንቁላል ሲወጣ ቢጫ ወይ ቀላ ያለ ነው፣ አረንጓዴ የሚሆነው ሲያድግ ነው።

ለምን ይቀየራል ካልሽ (እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው) በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ትንንሾቹ የሚውሉት ጫካው ሳሳ ብሎ ፀሐይ በገባበት ዳር ዳሩን ነው፣ እዛ ደግሞ የደረቀ ቅጠሉም ሳሩም ስላለ ቢጫው ከላይ ለሚያይ ወፍ ቶሎ አይለይም። ርዝመቱ 55 ሳንቲ ገደማ ሲደርስ ግን ወፍና አይጥ መዋጥ ስለሚችል ወደ ላይ ወደ ዛፎቹ ይወጣል፣ እዛ ዙሪያው ሁሉ ቅጠል ነው፣ ቢጫ ሆኖ ቢቆይ ጉድ ይሆናል። ሰፈር ሲቀይር ልብሱንም ቀየረ ማለት ነው።

መርዝ የለውም፣ ጠምጥሞ ነው የሚገድለው፣ ግን ጥርሱ ረጃጅም ስለሆነ ንክሻው ያማል። ትልቁ የሚያድነው ማታ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች የእንስሳ ሙቀት ስለሚያውቁ ጨለማው አያስቸግረውም። ልጆቹ ደግሞ የጭራቸውን ጫፍ እንደ ትል እያወዛወዙ እንሽላሊት ያታልላሉ!

እናትየዋ እንቁላሎቿን ተጠምጥማባቸው ትቀመጣለች፣ ሲበርዳቸው ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ታሞቃቸዋለች፣ ሰባት ሳምንት ገደማ እንደዛ። እባብ ለልጁ ግድ የለውም የሚል ሰው ይሄን ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ግን ውበቱ ነው ጠላቱ የሆነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከኢንዶኔዥያ "በእርባታ የተወለዱ" እየተባሉ ለሽያጭ ከሚወጡት ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው ከጫካ የተያዙ ነበሩ፣ ስለዚህ ልጅሽ ቤት ውስጥ ላሳድግ ብሎ ከጠየቀሽ ይሄንን ንገሪው።