አምስት ጠርሙስ ከቤይሩት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አክስቴ ግንቦት 1995 ቤይሩት ሄዳ በ2012 ተመለሰች። ቤታቸው የሠራችላቸው ሰዎች አገር ለቀው ሲወጡ አምስት ጠርሙስ ቀይ ወይን «ለደስታሽ ቀን» ብለው ሰጧት። በጋቢ ጠቅልላ በሻንጣ አመጣቻቸው። አምስቱም ሻቶ ሙሳር ይላሉ። ዓመቱ ግን ይለያያል፤ 1999፣ 2001፣ 2003፣ 2006 እና 2009። ሳሎን ቡፌ ላይ ደርድረናቸው ነበር። በ2014 በጦርነቱ ከቤት ስንወጣ አባቴ ጓሮ ቆፍሮ ቀበራቸው። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ጠርሙሶቹ ግን አሉ። እስካሁንም አላወጣናቸውም። አሁን ወንድሜ ጥር ላይ ያገባል። እናቴ «ለሰርጉ ይከፈት» ትላለች። አጎቴ «አቼቶ ሆኗል፣ ድፉት» ይላል። እውነት ተበላሽቷል? ወይስ አዲሱን 2009ኙን ብቻ ብንጠጣ ይሻላል? — የእህት ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጎትሽን ከጠርሙሶቹ አርቂልኝ።

ቀጥሎ አቆጣጠሩን እናስተካክል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ ነው። ደግሞም ወይኑ የታሸገበት ሳይሆን ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው። እዚያ ለቀማው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ስለሚውል የኛን እንቁጣጣሽ ይረግጣል። እንግዲህ «አዲሱ» ያልሽው 2009 በኛ 2001 አልቆ 2002 ሲጠባ የተለቀመ ነው። ትንሹ ልጅ ጺም አውጥቷል ማለት ነው።

አክስትሽ ግንቦት 1995 ሄዱ ብለሻል። 2003 የሚለው ጠርሙስ ፍሬው የተለቀመው እሳቸው ቤይሩት በገቡ በሦስት አራት ወሩ ነው። 2006ን ደግሞ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ሐምሌ 5 ቀን 1998 ሊባኖስ ውስጥ የጀመረው ጦርነት ነሐሴ 8 ቀን ጋብ ሲል ለቀማው ደርሶ ነበር። ያ ወይን የተለቀመው በዚያ ክረምት ማግስት ነው።

ሙሳር የተባለው ይህ የሊባኖስ ወይን ጠማቂ ቤት ጦርነትን ቀድሞም ያውቀዋል። ጋስቶን ሆሻር በ1930 መሠረተው። በዓለም ያስጠራው ልጁ ሰርዥ ነው፤ በ2014 ነው ያረፈው። (ከዚህ አንቀጽ ጀምሮ የወይኑን ነገር በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ የራሴን በኛ።) ፍሬው የሚበቅለው በቃ በሚባለው ሸለቆ ነው። ስሙ በኛ አማርኛ «በቃ» ይምሰል እንጂ ሸለቆው በቃኝ አያውቅም። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መጥመቂያው ግን ከተራራው ማዶ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ጋዚር የሚባል ቦታ ነው። ስለዚህ ፍሬው በጭነት መኪና ተራራ ይሻገራል። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ በአይሱዙ የወጣ ሰው ይገባዋል። በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ። በ1976 ጭራሽ ወይን አልተሠራም። በ1984 መኪኖቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ሲጉላሉ ፍሬው እዚያው እላያቸው ላይ መፍላት ጀምሮ ነበር።

እኔ ሙሳርን ያወቅሁት ደሴ ፒያሳ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሳለሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. አንድ ሊባኖሳዊ የመንገድ መሐንዲስ አራት ጠርሙስ ይዞ መጣ። 1995፣ 1997፣ 1998፣ 1999። «ዛሬ አራቱንም እከፍታለሁ» አለ። እኔ ሀብታም ሲያብድ ነው ያልኩት። ይህን ዓይነቱን ቅምሻ ሰዎቹ ቨርቲካል ይሉታል፤ አንድ ቤት፣ አንድ እርሻ፣ የተለያየ ዓመት። የዓመቱ ዝናብና ፀሐይ፣ የወይኑም ዕድሜ ካልሆነ ሌላ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው።

ጠርሙሶቹን እንደ ቢራ አንጠልጥዬ፣ እያወዛወዝኩ አመጣኋቸው። ራሱን ይዞ ተቆጣኝ። ለካ ታች የተኛ አተላ አለ። የጠላ አተላ ታውቂ የለ? እሱው ነው፤ ግን ቀጭን፣ ጥቁር፣ መራራ። አንዴ ከተነሳ ወይኑ ጭቃ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለን ጠበቅን። የ1995ቱን ቡሽ ስስብ ደግሞ እጄ ላይ ፈረሰ። ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። ፊቴ እንደ ወይኑ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ መሐንዲሱ አራት ብርጭቆ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደርድሮ «እይ» አለኝ። የ1999ኙ ደማቅ ቀይ ነው። የ1995ቱ ዳር ዳሩ እንደ ጡብ ሆኗል። አሸተትኩ። የ1999ኙ ፕሪምና ቁርንፉድ ይላል፣ ሲቀመስ ምላስን እንደ ጠቆረ ሻይ ያደርቃል። የ1995ቱ ደረቅ ቴምር፣ አሮጌ ኮርቻ፣ እጣን ቢጤ። ምላስ ላይ ለስላሳ ነው፣ ግን ከዋጥኩት በኋላ አፌ ውስጥ ቆየ። እስከዚያ ቀን ቀይ ወይን ለኔ በኮካ የሚበረዝ ነገር ነበር።

እንግዲህ ወዳንቺ። መቀበሩ አልጎዳውም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል። ጉድጓድ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይነቃነቅም። ወይን የሚፈልገው እሱን ነው። ወረቀቱ በስብሶ ሊሆን ይችላል፣ አትዘኑ። እኔን የሚያሰጋኝ ቡፌው ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በመስኮት ብርሃን ሥር፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቡሹ ደርቆ አየር ሊያስገባ ይችላል። ስታወጡት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሽና ወይኑ የት ድረስ እንዳለ እዪ። አንገቱ ላይ ከሆነ ደኅና ነው። ከትከሻው በታች ከወረደ ያ ጠርሙስ አደጋ ላይ ነው። ቢሆንም ሳትከፍቱ አትፍረዱ።

ደሴ ዘመድ ካላችሁ ውሰዷቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍሉ ራሱ ጓዳ ይሆንላችኋል። ግን ከሐረጎ መንቀጥቀጥ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት አስተኝታችሁ አሳርፏቸው። ከዚያ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አቁሟቸው፣ አተላው ታች እንዲሰበሰብ።

ሰርጉን ተዉት። አምስት ጠርሙስ ለ400 ሰው ምን ይሆናል? አንዱ በውሃ ብርጭቆ ይገለብጠዋል፣ አንዱ አምቦ ውሃ ይጨምርበታል። ከሰርጉ በፊት ወይም ከመልሱ በኋላ አንድ ከሰዓት ምረጡ። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል። አክስትሽ ዋናዋ ናቸው። አምስቱንም ባንድ ቀን ክፈቱ። ለየብቻ ከጠጣችሁት ልዩነቱን ማን ያስታውሰዋል? ቡናን አስቢው። ዓይኑን ጨፍኖ አቦሉን ከቶናው የማይለይ ወሎዬ አለ? የሚለየው ግን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተከታትሎ ስለሚጠጣው ነው።

ስትከፍቱ መክፈቻውን ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት። ቡሹ ከፈረሰ የኔን ማጥለያ አስታውሱ። ወይኑን ወደ ንጹሕ የመስታወት ጆግ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፤ ከጠርሙሱ ጀርባ ሻማ አብሩና ጥቁሩ አተላ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ጆግ አምስት ከሌለ ጎረቤት ይዋሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ እኛ አልጻፍንም ነበርና ሁለቱ ተምታተውብን ተጨቃጨቅን።

ሽታው መጀመሪያ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። የሙሳር ጠባይ ነው፤ እንደ ጥፍር ቀለም ሹል ያለ ነገር አለበት። አጎትሽ «አላልኳችሁም?» ይላሉ። አትስሟቸው። አንድ ሁለት ሰዓት ጆጉ ውስጥ ይተንፍስ፣ እየቀመሳችሁ ጠብቁ። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ከሸተተ ግን ቡሹ አበላሽቶታል፣ ጊዜ አያድነውም። ጉሮሮ የሚያቃጥል አቼቶ ከሆነም እንደዚያው።

በቅደም ተከተሉ ሰው ይከራከራል። እኔ ከሽማግሌው ጀምሩ ባይ ነኝ፤ 1999፣ 2001፣ 2003፣ 2006፣ 2009። መሐንዲሱ ሌላ ቀን በተቃራኒው ሞከረና ጎረምሳው ምላሳችንን አድርቆት ሽማግሌው ውሃ መሰለን። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ያህል ቅዱ። አልኮሉ ከ13 እስከ 14 በመቶ ነው፣ እንደ ጠጅ በብርሌ እንዳይመስላችሁ። ብርሌም አይሁን፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም። ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ፈልጉ። ፍሪጅም አይግባ።

ዶሮ ወጡ እስኪያበቃ ይቆይ። በርበሬ ከዚህ ወይን ጋር አይስማማም፣ አልኮሉን እሳት ያደርገዋል። ድፎ ዳቦና ጨው ብቻ የነካው የበግ ጥብስ ይበቃል። ቤታችሁ የማይጠጣ ሰው ካለ፣ ወሎ አይደል፣ ቡናው በጎን ይፈላ።

አንድ ነገር ግን አደራ። 2003ኛውን ስትቀዱ መጀመሪያ ለአክስትሽ ስጧቸው። እስኪናገሩ ድረስ ማንም «እንዴት ነው?» እንዳይላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ንብ አነባለሁ። ወይን እንዲህ ከተቀመጠ እኔስ ጠጄን አምስት ዓመት ባስቀምጠው ይሻሻላል? — ከሐይቅ

መልስ፦ አይሻሻልም ወንድሜ። የቤት ጠጅ መፍላቱን አይተውም። ብታሽገው ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ክፍት ብትተወው ይኮመጥጣል። በጊዜው ጠጣው። ማሩን ግን አስቀምጥ፣ ማር ይቆያል። የየዓመቱን ቆረጣ ለየብቻ ማሰሮ አድርግና ዓመቱን ጻፍበት። ዝናብ የጠፋበት ዓመት ማርና አበባው የተትረፈረፈበት ዓመት ማር ጣዕማቸው አንድ አይደለም። ሦስት ዓመት ሲሞላህ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቅመሳቸው። ከሦስቱም አንድ አንድ ማንኪያ ለኔ ላክልኝ።