«ባድ» ወይስ «ባድሊ»?

ስብሰባ ላይ ሳልገኝ ቀርቼ ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ «አይ ፊል ባድሊ» (አዝኛለሁ ለማለት) ብዬ ይቅርታ ጻፍኩላቸው። የሥራ ባልደረባዬ «‹ባድ› ነው የሚባለው» ብላ ሳቀችብኝ። ግሥን የሚገልጽ ቃል «-ሊ» ይጨመርበታል ተብለን አልነበር የተማርነው?

ባልደረባዎ ልክ ናት፤ መሳቋ ግን አያስፈልግም ነበር፣ ብዙ አሜሪካውያንም «ባድሊ» ይላሉና። እዚህ ላይ «ባድ» የሚገልጸው ግሡን ሳይሆን እርስዎን ነው። «ፊል»፣ «ሉክ»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት» እና «ሳውንድ» የ«ነው»ን ሥራ ሲሠሩ ቅጽል (ስምን የሚገልጽ ቃል) ያስከትላሉ። «ሂ ሉክድ አንግሪ» ሲሉ ሰውዬው የተቆጣ ይመስል ነበር፤ «ሂ ሉክድ አት ሚ አንግሪሊ» ሲሉ ግን በቁጣ አፈጠጠብኝ ነው። ሾርባው «ስሜልስ ባድሊ» ቢሉ፣ ቃል በቃል ሲወሰድ፣ ሾርባው አፍንጫ አለው፣ ማሽተት ግን አልሆነለትም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1997 ያለ «-ሊ» «ቲንክ ዲፈረንት» (የተለየ አስብ) ብሎ ያስተዋወቀው ስህተት አይደለም?

አይደለም። አንደኛ፣ «ቲንክ ቢግ» እንደሚባለው፣ «ዲፈረንት» እንዴት አስብ ሳይሆን ምን አስብ ለሚለው መልስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ያለ «-ሊ» የሚሄድ ተውሳከ ግሥ (ግሥን የሚገልጽ ቃል) የቆየ ነገር ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብዙ ቅጽሎች ተውሳከ ግሥ የሚሆኑት መጨረሻቸው ላይ አንዲት አናባቢ እየተጨመረች ነበር። አናባቢዋ በጊዜ ብዛት ስትጠፋ ሁለቱ አንድ መልክ ያዙ፤ «ፋስት» እና «ሃርድ» ዛሬም እንደዚያው ናቸው። «ድራይቭ ስሎው» (ቀስ ብለህ ንዳ) የሚሉ የመንገድ ምልክቶችም የዚያው ዘር ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱ ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው ነገሩን ነውር ያደረጉት። እኛስ «ቆንጆ ትዘፍናለች» እንል የለ? «በቁንጅና በሉ» ብሎ የተቆጣን የለም።

ታዲያ ለጥንቃቄ ሁሌም «-ሊ» ብጨምርስ?

እኔን ያየ ይቀጣ። ለመጀመሪያ የሥራ ማመልከቻዬ ጠንክሬ እሠራለሁ ለማለት «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብዬ ጻፍኩ፤ ትርጉሙ «ሥራ የሚባል ነገር አልነካም ማለት ይቻላል» ነው። ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው አነበበና፣ ዝም ብሎ አጠገቡ ወዳለው ጠረጴዛ አሻገረው። «ሌትሊ»ም እንዲሁ ነው፦ ዘግይቶ ሳይሆን ሰሞኑን።

«ሃው አር ዩ» ስባል «ጉድ» ልበል «ዌል»?

ያሻዎትን። «ዌል» እዚህ ላይ ጤነኛ የሚል ቅጽል ነው። ከሕመም ለተነሳ ሰው ግን «ዩ ሉክ ዌል» ይበሉት፤ «ጉድ» ካሉት ስለ አለባበሱ ያወሩ ሊመስለው ይችላል።