ልጃችሁ ፉቲ ልጫወት ካለ

ሜልበርን ለምትኖሩ ወላጆች፣ በተለይ አዲስ ለገባችሁ፣ አንድ የፉቲ (በእግርም በእጅም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ኳስ) ተጫዋች ላስተዋውቃችሁ። አሌክስ ጄሳውሌንኮ ይባላል። በ1945 ሳልዝበርግ፣ ኦስትሪያ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ዩክሬናዊ፣ እናቱ ሩሲያዊት ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ አገር አልባ ሆነው ከቀሩት ሰዎች መካከል ናቸው። በ1949 ልጃቸውን ይዘው አውስትራሊያ ገቡና ካንቤራ ተቀመጡ።

ልጁ በፊት የሚጫወተው እግር ኳስና ራግቢ ነበር። ፉቲ የጀመረው 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። «ልጄ ትልቅ ሆኖ ነው የመጣው፣ የእነሱን ጨዋታ ከእንግዲህ አይችለውም» የሚሉ ወላጆች ብዙ አሉ። ጄሳውሌንኮ በ1967 ካርልተን የሚባለው የሜልበርን ክለብ ገባ። በ1970 በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ 115 ጎል አስቆጠረ።

የዚያ ዓመት ፍጻሜ ካርልተንና ኮሊንግዉድ ነበሩ። ኤምሲጂ ስታዲየም 121,696 ሰው ገባ፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተደገመም። በሁለተኛው ሩብ ጄሳውሌንኮ ግሬም ጄንኪን በተባለው የኮሊንግዉድ ግዙፍ ተጫዋች ትከሻ ላይ ወጥቶ ኳሷን አየር ላይ ቀለባት። በእግር የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ እንዲህ ስትያዝ ማርክ ትባላለች፤ የያዘው ሰው ማንም ሳይነካው ይመታል። ካርልተን ለእረፍት የወጣው በ44 ነጥብ እየተመራ ነው። መጨረሻ ላይ 111 ለ101 አሸነፈ! እኔ ቪዲዮውን ባየሁት ቁጥር ያችን ዝላይ ማመን ያቅተኛል።

በዚያ ዘመን ስማቸውን የቀየሩና ያሳጠሩ ስደተኞች ብዙ ነበሩ። እሱንም ሰዉ ጄዛ ይለው ነበር። ያችን ኳስ ሲቀልብ ግን የቴሌቪዥን አስተላላፊው ጮኾ የጠራው «ጄሳውሌንኮ!» ብሎ ነው። ልጃችሁን ክለብ ስታስመዘግቡ ስሙን አትቁረጡት። አሰልጣኙ ይለምደዋል።

ጄሳውሌንኮ ከካርልተን ጋር አራት ዋንጫ በልቷል። የመጨረሻውን፣ የ1979ኙን፣ ያነሳው ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ነው። ከእሱ በኋላ ይህን ያደረገ የለም።

እናንተ ምን አድርጉ? ትንንሾቹን በሰፈራችሁ ኦስኪክ (የትንንሽ ልጆች የፉቲ ማስጀመሪያ) አስመዝግቡ። ከፍ ያሉትን ቅርብ ያለው ክለብ ይዛችኋቸው ሂዱ። ሴት ልጆችም ይጫወታሉ፤ ከ2017 ጀምሮ የራሳቸው ብሔራዊ ሊግ አላቸው። ክፍያው ከከበዳችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የሚያግዙ ክለቦች አሉ። የልጆች ጨዋታ ብዙ ጊዜ እሁድ ጠዋት ስለሚሆን ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል። ይህን ለአሰልጣኙ ከወዲሁ ንገሩት፣ አንድ ቀን ድንገት አትቅሩ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁን አውርዳችሁ አትሂዱ። ካንቲን ቁሙ፣ ለእረፍት ብርቱካን ቁረጡ። ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኪራይ ቤት የሚወራው እዚያ ሜዳ ዳር ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትሸሹ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ጨዋታው ግጭት አለበት። ልጃችሁ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ደህና ነኝ ቢላችሁም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። ሐኪም ይየው።