የተራራ አበባን የሚገድለው ብርድ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እህታችን ዘርዘር አድርጋ ነው የጻፈችው፤ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከቤታችን ፊት ለፊት ተዳፋት አለ። ሣር አልይዝ ሲለኝ ድንጋይ ደርድሬ በስፕሪንግ የሚያብቡ የተራራ አበቦች ተከልኩበት፤ ጄንሺያን፣ ሳክሲፍሬጅ፣ ኦብሪየታ። ዊንተሩን ፈርቼ በተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ጥሩ አድርጌ አለበስኳቸው። ግማሾቹ ለማርች አልደረሱም። የተረፉት አበቡና ኦገስት ላይ ከመሃላቸው እየጠቆሩ አለቁ። ኦክ ዛፉ ሥር የተከልኩት ቨርጂኒያ ብሉቤልስ ደግሞ ኤፕሪል ላይ የሚያምር ሰማያዊ አበባ ሰጥቶ ጁን ላይ ድራሹ ጠፋ። ዘንድሮስ ከብርድ በምን ልከላከልላቸው? ሰው እንዳይስቅብኝ እንጂ የአገራችንን የተራራ ተክል ጅብራንስ ዘርቼ ማብቀል እችላለሁ?»

እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። ከብሉቤልሱ ልጀምርና፣ እሱ አልሞተም። ቆፍረሽ ካልጣልሽው አሁንም እዚያው አፈር ውስጥ ነው ያለው። የጫካ አበባ ነው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ጸሐይ መሬት የምትነካው ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘር ይይዛል። ጥላው ሲከብድ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል፣ ጉልበቱን ሥሩ ላይ አከማችቶ እስከሚቀጥለው ማርች ይተኛል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አትቁረጪው፣ ምግቡን ወደ ሥር እያወረደ ነው። ቦታውን በትንሽ እንጨት ምልክት አድርጊበት፣ አለበለዚያ ሴፕቴምበር ላይ ሌላ ነገር ልትተክይ ስትቆፍሪ ትቆርጪዋለሽ። ባዶውን ማየት ካስጠላሽ አጠገቡ ክሪስማስ ፈርን ትከይ፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

አሁን ወደ ሞቱት። እውነቱን ልንገርሽ፣ የገደላቸው ብርዱ ሳይሆን ያለበስሻቸው ቅርፊት ነው። እነዚህ አበቦች በአገራቸው፣ እንደ አውሮፓ አልፕስ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ ወራት ሙሉ በረዶ ሥር ይተኛሉ። በረዶው ሲሸፍናቸው ከነፋሱም ከከባዱ ውርጭም ይጠብቃቸዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው በረዶ ሆኖ ስለሚቆይ አንገታቸው ላይ አይተኛባቸውም። የሜሪላንድ ዊንተር እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ይዘንባል፣ ነገ ይቀዘቅዛል፣ ከነገ ወዲያ ይቀልጣል። ቅርፊቱ ያንን ሁሉ እርጥበት ይዞ ግንዱ ከሥሩ በሚገናኝበት አንገት ላይ ይቀመጣል። ከሞቱት አንዱን ነቅለሽ ብታዪው ሥሩ ነጭ ሆኖ አንገቱ ብቻ ቡናማ፣ ልስልስ ያለና የሚሸት ይሆናል። ብርድ የገደለው ተክል እንደዚያ አይሆንም።

የኦገስቱ ሞት ምክንያቱ ሌላ ነው። ተራራ ላይ ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ተክሉም ያርፋል። እናንተ ጋ ግን በሰመር ሌሊቱም እንኳ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ እርጥበቱ። ተክሉ ቀን ያመረተውን ስኳር ሌሊት ሲተነፍስ ይጨርሰዋል፣ ይዳከማል፣ ከዚያ ሻጋታው ይገባል። ለዚህ መድኃኒት የለውም። ጄንሺያንንና አብዛኛውን ሳክሲፍሬጅ እርሺያቸው፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ያሉ ዘመዶችሽ ቢተክሉ ሊሳካላቸው ይችላል፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ። የዴንቨር ቦታኒክ ጋርደንስ የድንጋይ አትክልት ቦታ ስሙ የገነነው እጃቸው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አየሩ ስለረዳቸውም ነው። በፎቶ አይተሽው ከሆነ የተመኘሽው፣ ያንን ሜሪላንድ ላይ አትጠብቂ።

ተስፋ ግን አትቁረጪ። ተዳፋት መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙ ሰው ሜዳ ላይ አፈር ከምሮ የሚሠራውን አንቺ ከተፈጥሮ አግኝተሽዋል። የቀረሽ አፈሩ ነው፤ እናንተ ሰፈር አብዛኛው ቀይ ሸክላማ አፈር ነውና መጀመሪያ ፈትሺው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪበትና ይስረግ። ድጋሚ ሙዪና በማስመሪያ ለኪ። በሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ያ ቦታ እንዳለ ለተራራ አበባ አይሆንም። ያን ጊዜ ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አዲስ አፈር ጨምሪ፤ ሲሶው የአትክልት አፈር፣ ሲሶው በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ብስባሽ፣ ሲሶው ሻካራ ደቃቅ ጠጠር። ሸክላውን ከደቃቅ አሸዋ ጋር መቀላቀል ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ሲደርቅ ዶማም አያነቃንቀው። ከሥር ጠጠር ማንጠፍም ብዙ ሰው ይመክራል፣ አይሠራም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ እዚያው ይቆማል። ጠጠሩ ወይ አፈሩ ውስጥ ተቀላቅሎ ወይ ከላይ ተነጥፎ ነው የሚጠቅመው።

ድንጋዩን እንዴት እንደደረደርሽው አልነገርሽኝም። ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሲሶው መቀበር አለበት፤ ከላይ ብቻ ከተቀመጠ ይንከባለላል፣ ሥሩም አይቀዘቅዝም። ጀርባውን ወደ ተዳፋቱ ዘንበል አድርጊው፣ ዝናቡ ወደ ኋላ፣ ወደ ሥሩ እንዲገባ።

ችግኝ ስትገዢ ከማሰሮው ጋር የመጣውን ለስላሳ አፈር ግማሹን አራግፊለት። ውሃ የሚይዝ ፒት (ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ዕፅዋት) ነው፣ በጠጠራማው አፈር መሃል ብቻውን ረጥቦ ይቀራል። አንገቱን ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ትከይና ዙሪያውን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፊ። ከእንግዲህ ለተዳፋቱ በኩል ልብሱ ጠጠር ብቻ ነው። የኦክ ቅጠል ኖቬምበር ላይ ሲረግፍም ከላዩ ጥረጊለት።

ምን ልትከል ካልሽ፣ ጸሐይ ለሚያገኘው በኩል የመጀመሪያ ምርጫዬ ክሪፒንግ ፍሎክስ ነው። የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፣ ሙቀቱን ያውቀዋል፣ ኤፕሪል ላይ ድንጋዩን በሮዝና በነጭ ይሸፍነዋል። ካናዳ ኮሎምባይንን ጨምሪ፤ ቀይና ቢጫ አበባዋ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሃሚንግበርድ ይጠራል፣ ዘሯንም ራሷ ትበትናለች። ነጭ ከፈለግሽ ካንዲተፍት አለ። ፓስክ ፍላወርም ውሃ ካልቆመበት ይሆናል፣ ፋሲካ አካባቢ ነው የሚያብበው። ክሮከስና ድንክ አይሪስን ኦክቶበር ላይ ሽንኩርት የመሰለውን ራሳቸውን ቁመት ሦስት እጥፍ አጥልቀሽ ትከይ፤ ስኩዊረል እንዳያወጣቸው የዶሮ ሽቦ ከላይ አንጥፊና በአፈር ሸፍኚው። አጋዘን የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ ቱሊፕ አትሞክሪ፣ ትንንሾቹን ዳፎዲል ትከይ፤ እነሱን አይነካም።

ወደ ኦኩ ጥላ ስትወርጂ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ ቅጠሉን አትጥረጊ፤ ምግባቸውም ልብሳቸውም እሱ ነው። ወፍራም ከሆነ በሣር ማጨጃው ከትፈሽ መልሺው። የኦኩን ትልልቅ ሥር አትቁረጪ፣ ከላዩም አፈር አትከምሪ፣ ዛፉ ይታፈናል። ትንንሽ ችግኝ እየገዛሽ በሥሮቹ መሃል ባገኘሽው ክፍተት ትከይ።

እዚያ ቦታ እኔን ብትጠይቂኝ ብለድሩት የሚባለውን የጫካ አበባ ነው የምመርጠው። ማርች መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብለሽ እዪው፤ አንድ ቅጠል እምቡጡን እንደ ጋቢ ጠቅልሎት ከአፈር ይወጣል፣ ጸሐይ ሲሞቀው ነጩ አበባ ከመሃል ይከፈታል። አበባው ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፣ ቅጠሉ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ዘሩ ላይ ጉንዳን የሚወደው ቅባታም ነገር አለ፤ ጉንዳኑ ወደ ጎጆው ይወስደውና ያንን በልቶ ዘሩን ይጥለዋል፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ካልተከልሽበት ቦታ ሲወጣ ታያለሽ። ስለዚህ እዚያ የጉንዳን መድኃኒት አትርጪ። ሥሩ ሲቆረጥ ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች እንዳይነኩት።

ትሪሊየም የሚባለውን የጫካ አበባ ከፈለግሽ ከዘር እስከ አበባ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ ርካሽ ሆኖ ካገኘሽው ጠርጥሪ፤ ከጫካ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ኒርሰሪው ራሱ ያራባው መሆኑን ጠይቀሽ ግዢ። ማርች ላይ የወንዝ ዳር ሁሉ የሚያለብሰውን ቢጫ ሌሰር ሰላንዲን ደግሞ ቢያምርሽም እንዳታመጪው፤ የአገሩን የጫካ አበቦች እያጠፋ ያለ አረም ነው። ከመግዛትሽ በፊት ኤፕሪል ላይ ዲሲ ያለው ናሽናል አርቦሬተም ሂጂ፣ ፈርን ቫሊ የሚባለው ክፍል ውስጥ አብዛኞቹን ታያቸዋለሽ፣ መግቢያውም ነፃ ነው።

ጅብራን ግን አልመክርሽም። ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖረው ቀን ጸሐይ፣ ሌሊት ውርጭ በሆነበት አየር ነው፣ ዓመቱን ሙሉ። የእናንተ የጁላይ ሌሊት ይገድለዋል፤ ከዚያ ቢተርፍ አንዳንዴ ቀናት የሚዘልቀው የጃንዋሪ ቅዝቃዜ አይለቀውም። የአገር ሽታ ከሆነ የናፈቀሽ በጠጠሩ ዳር ክሪፒንግ ታይም ትከይ። የጦስኝ ዘመድ ነው፣ ስትረግጪው ይሸታል፣ ድርቁንም ይችላል። ከኢትዮጵያ ዘር አስመጣለሁ ካልሽ ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሻል፤ አፈር ደግሞ ጭራሽ እንዳትይዢ፣ ሥር ላይ የተጣበቀውም ቢሆን።